«ፀሐይ ሣለችው» ሲባል፦ ያለ ካሜራ የተሠሩ ፎቶግራፎች ታሪክና የአና አትኪንስ ስም



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የአንዲት ተማሪ ጥያቄና እኔ የሰጠኋት ደካማ መልስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፎቶግራፍ ታሪክ ሳስተምር፣ በደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ የአንድ ባሕር ዕፅ ምስል በፕሮጀክተር አሳየሁ። ምስሉ ያለ ካሜራ መሠራቱን፣ ዕፁ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ በፀሐይ ብርሃን መታተሙን ገለጽሁ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ታዲያ ይህን ፎቶ ያነሣው ማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ «ፀሐይ ናታ!» አልኋት። ክፍሉ ሳቀ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን መልሴ ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ ተገነዘብሁ። ምስሉን የሠራችው ሴት ስም ነበራት፤ በአንድ ቀልድ ስሟን ከክፍሉ አስወጣሁት። ይህን ያደረግሁትም የመጀመሪያው ሰው እኔ አልነበርሁም።

ጥያቄው በአማርኛ መቅረቡ በራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። በቋንቋችን ባለ ካሜራው «ፎቶ አነሣ» ይባላል፤ ከፊቱ የቆመውም «ፎቶ ተነሣ» ይባላል። ግሱ ለሁለቱም ቦታ አለው፤ አንሺም ተነሺም ይኖራል። ያለ ካሜራ በሚሠራ ምስል ግን አንሺው ማን፣ ተነሺውስ ማን እንደሆነ በቀላሉ አይለይም። ዕፁ ተነሺ ብቻ ነው እንዳንል፣ ብርሃኑን ከልሎ ቅርጹን ያተመው እርሱው ነው። ፀሐይ አንሺዋ ናት እንዳንል፣ ፀሐይ በዚያ ቀን ለአገሩ ሁሉ እኩል ታበራ ነበር፤ ምስል የሆነው ግን አንድ ሰው ባዘጋጀው ወረቀት ላይ ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነጥብ ነው። «ተፈጥሮ ራሷን ሣለች» የሚለው አባባል የፎቶግራፍ ታሪክ ሲጀምር ጠቃሚ የክርክር መሣሪያ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሲደጋገም የሠራተኛውን እጅ ይሸፍናል። ተፈጥሮና ሰው በጋራ በሠሩት ምስል ውስጥ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለይቶ መመዝገብ የታሪክ ጸሐፊው ግዴታ ነው።

አባባሉ ከየት መጣ?

ብርሃን አንዳንድ ነገሮችን እንደሚያጠቁር ሰዎች ያወቁት ካሜራ ምስል መያዝ ከመጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐን ሃይንሪክ ሹልጸ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብር የተቀላቀለበትን የኖራ ድንጋይ ዱቄት በጠርሙስ አድርጎ ብርሃን ሲያገኘው እንደሚጠቁር አስተዋለ። ለውጡ ከሙቀት ሳይሆን ከብርሃን የመጣ መሆኑን አረጋገጠ፤ በጠርሙሱ ላይ ፊደል የተቀረጸበት ወረቀት ለጥፎም ፊደሉ በዱቄቱ ላይ እንዲታተም አደረገ። ሆኖም ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ጽሑፉ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1802 እንግሊዛውያኑ ቶማስ ዌጅዉድና ሃምፍሪ ዴቪ በሲልቨር ናይትሬት በተነከረ ወረቀትና ነጭ ቆዳ ላይ የቅጠልና የነፍሳት ክንፍ ጥላ ማተም መቻላቸውን ይፋ አደረጉ። ችግራቸው ምስሉን ማጽናት አለመቻላቸው ነበር። ምስሉን ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል፤ ያው ብርሃን ደግሞ ምስሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሥራቸውን በሻማ ጭላንጭል ከማየት በቀር ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ይህን እንቅፋት ያለፈው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። ከ1834 ጀምሮ ወረቀትን በገበታ ጨውና በሲልቨር ናይትሬት እያዘጋጀ፣ ቅጠልና ዳንቴል እያስቀመጠ በፀሐይ ያትም ነበር፤ ከዚያም በጠንካራ የጨው ውሕድ ምስሉ ይበልጥ እንዳይጠቁር አደረገ። በጥር 1839 የፈረንሳዊው ዳገር ግኝት በፓሪስ ሲታወጅ፣ ታልቦትም ቀዳሚነቱን ለማስከበር በዚያው ወር ሥራውን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ጽሑፉ በርእሱ ላይ አንድ ጉዳይ በግልጽ ይናገራል፦ የተፈጥሮ ነገሮች ያለ ሠዓሊው እርሳስ ራሳቸውን እንዲሥሉ ማድረግ ይቻላል ይላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ማሳተም የጀመረውን መጽሐፍም «የተፈጥሮ እርሳስ» ብሎ ሰየመው።

አባባሉ ለምን ተፈለገ? በዚያ ዘመን የዕፅዋትም ሆነ የእንስሳት ሳይንሳዊ ምስል በሠዓሊ እጅ ይሣላል፤ በቀራጭ እጅ ወደ መዳብ ወይም ወደ ድንጋይ ይገለበጣል፤ ከዚያ ይታተማል። በእያንዳንዱ እጅ ውስጥ ስሕተት ሊገባ ይችላል። «ተፈጥሮ ራሷን ሣለች» ሲባል በመካከል የሚሳሳት እጅ የለም ማለት ነው። አባባሉ ለምስሉ የእውነት ዋስትና ሰጠው። የዋስትናው ዋጋ ግን ምስሉን የሠራውን ሰው ከታሪኩ ማውጣት ነበር።

ሰማያዊው ወረቀት

የሳይንቲስቱ የጆን ሄርሸል ግኝት እዚህ ላይ ይገባል። ሄርሸል በ1842 ብር የማያስፈልገው፣ በብረት ጨዎች የሚሠራ የማተሚያ ዘዴ አቀረበ፤ ስሙም ሳያኖታይፕ ይባላል። ዘዴው ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። በመካከላችሁ ያሉ አንጋፋ መሐንዲሶች «ብሉፕሪንት» የሚሉት ሰማያዊ የንድፍ ወረቀት የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ የሚባሉ ሁለት ጨዎች ለየብቻ በውኃ ይሟሟሉ፤ ከዚያ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ተቀላቅለው በብሩሽ ወረቀት ላይ ይቀባሉ። ወረቀቱ በጨለማ ሲደርቅ ወደ ቢጫነት ያደላ አረንጓዴ ይሆናል። ዕፁ በላዩ ይቀመጣል፤ በመስታወት ይጫናል፤ ወደ ፀሐይ ይወጣል። የፀሐይ ብርሃን፣ በተለይም ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ክፍሉ፣ በጨው ውስጥ ያለውን ብረት ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ብረትም ከፌሪሲያናይዱ ጋር ተዋሕዶ «የፕሩሲያ ሰማያዊ» የሚባለውን በውኃ የማይሟሟ ቀለም ይፈጥራል። በዕፁ ሥር የተከለለው ግን አይለወጥም። ወረቀቱ በንጹሕ ውኃ ሲታጠብ ያልተለወጠው ጨው ታጥቦ ይሄዳል፤ ቦታው ነጭ ይሆናል። የቀረው ሰማያዊ ሲደርቅ እየደመቀ ይሄዳል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሂደት ውስጥ ፀሐይ፣ ውኃ፣ ብረትና ዕፅ እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። አንዱ ቢጎድል ምስል የለም። ዕፁ ወረቀቱን በቀጥታ ስለሚነካ የምስሉ መጠን ከዕፁ መጠን ጋር እኩል ነው፤ ቀጭኑ ቅጠል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሆናል፤ ወፍራሙ ግንድ ፍጹም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዕፁ የሚጠፋም ነገር አለ። ቀይ፣ ቡናማና አረንጓዴ የባሕር ዕፆች ሁሉ በአንድ ዓይነት ነጭነት ይታተማሉ። ስለዚህ ምስሉ ዕፁ በዚያ ወረቀት ላይ እንደነበረ ይመሰክራል እንጂ ስለ ዕፁ ሁሉንም አይነግረንም።

የአና አትኪንስ ዐሥር ዓመት

አና አትኪንስ በ1799 በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ግዛት ተወለደች። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ሞተችባት። አባቷ ጆን ጆርጅ ቺልድረን በብሪቲሽ ሙዚየም ያገለገለ፣ የሮያል ሶሳይቲ አባል የሆነ ሳይንቲስት ነበር። ሴት ልጁን በዘመኑ ለሴቶች ያልተለመደ ሳይንሳዊ ትምህርት አስተማራት። አባቷ የላማርክን የቀንድ አውጣና የዛጎል መጽሐፍ ሲተረጉም ከ250 በላይ ሥዕሎችን የሣለችለት እርሷ ነበረች። ስለዚህ ወደ ፎቶግራፍ ስትመጣ እጇ የእርሳስን ሥራ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1839 ሴቶችን ይቀበል የነበረው የለንደን የዕፅዋት ማኅበር አባል ሆነች። ታልቦትም ሄርሸልም የአባቷ ወዳጆች ስለነበሩ አዲሱ ግኝት ለቤቷ ሩቅ አልነበረም።

በ1841 ዊልያም ሃርቪ የተባለ ሊቅ ስለ ብሪታንያ አልጌዎች፣ ማለትም ስለ ባሕርና ስለ ውኃ ዕፆች፣ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ ግን ምስል አልነበረውም። አትኪንስ ይህን ጉድለት ለመሙላት ተነሣች። በመቅድሟ ላይ እንደምትገልጸው፣ እጅግ ደቃቅ የሆኑትን አልጌዎች በትክክል መሣል አስቸጋሪ በመሆኑ የሄርሸልን ዘዴ መረጠች። ይህን የምትለው 250 ዛጎል የሣለች ሴት መሆኗን አንርሳ፤ የእርሳስን ወሰን የምታውቀው ከልምድ ነበር። «የብሪታንያ አልጌዎች ፎቶግራፎች» የተባለው ሥራዋ የመጀመሪያው ክፍል በጥቅምት 1843 ወጣ። የታልቦት «የተፈጥሮ እርሳስ» የመጀመሪያ ክፍል የወጣው በሰኔ 1844 ነው። በዚህም ምክንያት የአትኪንስ ሥራ በፎቶግራፍ ምስል የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል።

የሥራውን ክብደት እናስላ። በሳያኖታይፕ የተሠራ የዕፅ ምስል ኔጋቲቭ የለውም። አንድ ዕፅ ዐሥር ጊዜ እንዲታተም ከተፈለገ ዐሥር ወረቀት ይቀባል፤ ዕፁ ዐሥር ጊዜ ይደረደራል፤ ዐሥር ጊዜ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ ዐሥር ጊዜ ይታጠባል። ሥራው በ1853 ሲጠናቀቅ አንዱ ሙሉ ቅጂ ወደ 400 የሚጠጉ ሉሖች ነበሩት፤ እስከ ዛሬም ሙሉም ጎደሎም የሆኑ ከደርዘን በላይ ቅጂዎች ይታወቃሉ። ይህ በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ነው፤ ያውም ደመና በሚበዛበት አገር። ጽሑፉም ቢሆን በማተሚያ ቤት አልተለቀመም። የዕፁን የላቲን ስም ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በእጇ ጽፋ ከዕፁ ጋር አብራ አተመችው። ሁለት ቅጂዎችን ጎን ለጎን ያየ ሰው ያው ዕፅ በአንዱ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ አጎንብሶ ሊያገኘው ይችላል። እዚያ ልዩነት ውስጥ የሚታየው የአቀማመጥ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ የእጅ ነው።

ሁለት ፊደላት

አትኪንስ መጽሐፏን አልሸጠችም፤ ለወዳጆችና ለሳይንስ ተቋማት አደለች እንጂ። በመቅድሙም መጨረሻ ሙሉ ስሟን አልጻፈችም። የጻፈችው ሁለት ፊደላት ብቻ ነው፦ ኤ.ኤ.። በ1871 ካረፈች በኋላ ሥራዋ እየተረሳ ሄደ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ አንድ የስኮትላንድ መጽሐፍ ሰብሳቢ አንዱን ቅጂ አግኝቶ ሲመረምር፣ ሁለቱን ፊደላት «ስሙ ያልታወቀ አማተር» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር አድርጎ ተረጎማቸው። ስሟ ስም አልባነት ሆኖ ተነበበ። የሥራዋ ትክክለኛ ቦታ በስፋት የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ የታሪክ ተመራማሪው ላሪ ሻፍ ሕይወቷንና ሥራዋን አጥንቶ ካሳተመ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሙሉ ስሟን ያልጻፈችው ራሷ አይደለችምን? ልታይ ያልፈለገችን ሰው ለምን እናወጣታለን? ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል። የእኛም የብራና ጸሐፍት ብዙ ጊዜ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል፤ የጻፉትም ለክብር ሳይሆን አንባቢ እንዲጸልይላቸው ነው። ትሕትናን እንደ ግፍ መቁጠር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። ሆኖም ምርጫው የተደረገበትን ዘመን ማየት ይገባል። ሮያል ሶሳይቲ የአትኪንስን መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀብሏል፤ ሴቶችን በአባልነት የመረጠው ግን በ1945 ነው። መጽሐፏ ከገባ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ደጁ በተዘጋበት ዘመን ሁለት ፊደል መጻፍ ትሕትና ይሁን ጥንቃቄ ከእነዚያ ፊደላት ብቻ ልንወስን አንችልም። መወሰን የምንችለው የእኛን አነጋገር ነው። «ምስሉን ፀሐይ ሣለችው» ስንል ሁለቱን ፊደላት እንኳ እንደመዝን።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። አባቷ በ1852 መጀመሪያ ሲሞት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ እኅት ያደገቻት አን ዲክሰን መጥታ አብራት ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች የፈርንና የአበባ ሳያኖታይፖችን በጋራ ሠሩ። የትኛው ሉሕ የማን እጅ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። የፈጣሪነት ጥያቄ በተፈጥሮና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከልም እንዳለ የዲክሰን ስም ያስታውሰናል።

ተፈጥሮ ያልሠራችው ምስል

እስካሁን የተናገርሁት ለእጅ ያደላ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሚዛኑን የሚያስተካክል ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ስዊድናዊው ደራሲ አውጉስት ስትሪንድበርግ በ1893 እና በ1894 ኦስትሪያ በነበረበት ጊዜ፣ ካሜራም ሌንስም ሳይጠቀም የፎቶግራፍ ሉሖችን በሌሊት ሰማይ ሥር አስቀመጠ። ሌንስ ያታልላል ብሎ ያምን ነበር፤ ሰማይ በቀጥታ ራሱን እንዲሥል ፈለገ። ሉሖቹ ሲታጠቡ በጥቁር መደብ ላይ የፈዘዙ ነጠብጣቦች ወጡ። እርሱም ከዋክብት ናቸው ብሎ አመነ፤ ለፈረንሳይ የሥነ ፈለክ ማኅበርም ላከ።

ከዋክብት ሊሆኑ አይችሉም። የአንድ ኮከብ ብርሃን ያለ ሌንስ ወይም ያለ ቀዳዳ ሉሑን ሁሉ እኩል ያዳርሰዋል እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ አያርፍም። ነጠብጣቦቹ የመጡት ከአቧራና ከኬሚካሉ ነው። ምስሎቹ ዛሬም ሲታዩ ያምራሉ፤ ተፈጥሮም በእነርሱ ውስጥ አለች፤ ያለችው ግን ስትሪንድበርግ በፈለጋት ቦታ አይደለም። ዕፁ በአትኪንስ ወረቀት ላይ ተኝቶ ነበር፤ ኮከቡ ግን የስትሪንድበርግን ሉሕ በቅርጹ አልነካውም። «ተፈጥሮ ራሷን ሣለች» የሚለው ቃል እጅን ከመሸፈኑም በላይ የሠራችው የተፈጥሮ ክፍል የትኛዋ እንደሆነች አይነግረንም።

በዘመናችን ይህን ትምህርት በሚገባ የወሰዱ ሠዓልያን አሉ። እንግሊዛዊቷ ሱዛን ደርጅስ በ1990ዎቹ በዴቨን በሚገኘው በታው ወንዝ ውስጥ፣ በሌሊት፣ ትልልቅ የፎቶግራፍ ወረቀቶችን ከውኃው ገጽ ሥር አስገብታ ለቅጽበት በፍላሽ ብርሃን አተመች። በወረቀቱ ላይ የቀረው የሞገዱና ከላይ የተንጠለጠሉት ቅርንጫፎች ጥላ ነው። ከእርሷ ጋር የአራት ሌሎች ሠዓልያን ሥራዎች በ2010 በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በአንድ ዐውደ ርእይ ሲቀርቡ፣ ያለ ካሜራ የሚሠራ ፎቶግራፍ ከታሪክ ምዕራፍነት አልፎ ሕያው ጥበብ መሆኑ ታየ። ደርጅስ ወንዙን ጨለማ ክፍሏ አደረገችው፤ የወንዙን ስም በሥራዋ ርእስ ላይ አኖረች፤ የራሷንም ስም በግርጌው ጻፈች። ሁለቱ ስሞች አብረው ሲቆሙ አንዱ ሌላውን አልሸፈነም።

የመለያ ወረቀቱ ትምህርት

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ከዚያ የክፍል ጥያቄ በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ሳያኖታይፕ በግቢያችን ሞከርን። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ብርቱ በመሆኑ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። የመጀመሪያውን ወረቀት ነፋስ ገለበጠው፤ ሁለተኛው እርጥብ ቅጠል ስለነበረበት ቀለሙ ፈሰሰ፤ ሦስተኛው ብዙ ቆይቶ ነጩ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። አራተኛው ወጣ። የፈርን ቅጠሉ ከነሥሩ በነጭ ሲታይ ተማሪዎቹ ዝም ብለው ቆሙ። ያቺ ጠያቂ ተማሪ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በእርሳስ የቅጠሉን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወረቀቱን የቀባችውንና ያጠበውን ተማሪ ስም ጻፈች። እኔ ለዓመታት ያላስተማርሁትን በአምስት መስመር አስተማረችኝ።

ይህ የእርሷ ልማድ አዲስ አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት ከጥንት የሚሠሩበት ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ብሔራዊ ሄርባሪየም የተቀመጠ አንድ የደረቀ ዕፅ ብታዩ፣ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ዕፁ መቼና የት እንደተቀጠፈ፣ ማን እንደሰበሰበው ይነግራችኋል። ዕፁ የተፈጥሮ ነው፤ የሰብሳቢው ስም ግን አልተተወም። ይህም ፍጹም አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በትግራይ ለአራት ዐሥርት ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች በስሙ ይታወቃሉ፤ መንገዱን ያሳዩትንና ዕፁን በስሙ የሚያውቁትን የአገሩን ሰዎች ስም ግን በዚያ መጠን አናውቅም። የመለያው ወረቀት የጀመረውን መጨረስ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ለምስል ታሪክ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ያለ ካሜራ የተሠራ ምስል ስትገልጹ ብርሃኑ የየትኛው ምንጭ እንደሆነ ጻፉ፤ ወረቀቱን የነካው ነገር ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ማን እንደሰበሰበ፣ ማን እንደቀባ፣ ማን እንደደረደረ፣ ማን እንዳጠበ እስከምታውቁት ድረስ ጻፉ። የማታውቁት ካለ ቦታውን ባዶ ተዉት እንጂ በ«ፀሐይ» አትሙሉት። ባዶ ቦታ ለሚመጣው ተመራማሪ ጥያቄ ይሆናል፤ «ፀሐይ» ግን ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ያቺ ተማሪ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለች፣ ለዓመታት የዘገየውን መልሴን ልስጣት። ያን ፎቶ የሠሩት የባሕሩ ዕፅ፣ የኬንት ፀሐይ፣ የታጠበበት ውኃ እና አና አትኪንስ ናቸው።